ሊብሬው ሌላ፣ ብረቱ ሌላ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ለሽያጭ ሲወጣ ደላላው አፍ ላይ የምትቀድመው ቃል “የጣሊያን” የምትለው ናት። በማን ፋብሪካ ተሠራ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ወጣ፣ ትክክለኛ ሞዴሉ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ እንኳ መልሱ ያው ነው፤ “የጣሊያን ነው ተባለ እኮ!” ሻጭ በዚህች ቃል ዋጋ ይሰቅላል። ገዢም በዚህችው ቃል ኪሱን ይፈታል። ምን እንደተሸጠና ምን እንደተገዛ ግን ሁለቱም በውል አያውቁትም።

እንበል ማራኪ ውስጥ፣ ከአንድ ግቢ ጓሮ፣ ቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ ከዶሮ ቆጡ አጠገብ አንድ ሞተር ብስክሌት ቆሟል። ጎማው አልቋል፣ ወንበሩን አይጥ በልቶታል። ደላላው ጎንበስ ብሎ አየና “እማማ፣ ይኼ እኮ ጉዚ ነው፤ የ1938 ሞዴል” አለ። ባለቤቲቱም “እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ አባቴ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ይሉ ነበር” ብለው መለሱ። በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ፤ ዋጋ ተጠራ። በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድም የተረጋገጠ ነገር የለም። ጉዚነቱ አልተረጋገጠም፣ 1938ቱም አልተረጋገጠም። የአባትየው ቃል ራሱ ከማን እንደተሰማ አይታወቅም።

ነገሩ ከመሠረቱ መታየት አለበት። ጣሊያን ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አቺሌ ስታራቼ ይመራው የነበረው፣ በጭነት መኪና የተጓዘው “ፈጣን ጦር” ከኤርትራ በኩል መጥቶ ከተማዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ ጎንደር የፋሺስት አስተዳደር የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ፒያሳ ተሠራ፤ የሊማሊሞ መንገድ ተቆረጠ። በመጨረሻም በምሥራቅ አፍሪካ ከወደቁት የጣሊያን ምሽጎች ሁሉ የመጨረሻዋ ይህችው ከተማ ሆነች። ወልቂፊት በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጅ ሰጠ። ቁልቋል በር በኅዳር ወር ተሰበረ፤ ጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. መሣሪያውን አስረከበ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ የቆየ ጦርና አስተዳደር ሲፈርስ ጥሎት የሚሄደው ብረት ጥቂት አይሆንም። ስለዚህ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ጥንታዊ ሞተር ብስክሌት ቢገኝ አይደንቅም።

የሚደንቀው የተገኘው ሁሉ የዚያ ዘመን መባሉ ነው። ለምሳሌ “የጣሊያን ጊዜ ቬስፓ” የሚባል ነገር አለ። ቬስፓ የጣሊያን መሆኗ እውነት ነው። ነገር ግን ፒያጆ የመጀመሪያዋን ቬስፓ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ናሲ ጎንደር ላይ እጅ ከሰጠ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው። የቬስፓ ተቀናቃኝ ላምብሬታም ከዚያ በኋላ በ1947 ነው የመጣችው። እንግዲህ በቬስፓ የዘመተ ፋሺስት አልነበረም። አሮጌ ቬስፓ የራሷ ገበያና የራሷ ፈላጊ አላት፤ የጦርነት ታሪክ ልበሺ ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ደላላው “1938” ሲል በየትኛው ነው? በአውሮፓውያን 1938 ከሆነ ሞቶ ጉዚ ጂ.ቲ. 20 የተባለውን የጦር ሠራዊት ሞዴል ያወጣበት ዓመት ነው። በጥቂቱ የተሠራ ስለሆነ ዛሬ እጅግ ተፈላጊ ነው። በእኛ 1938 ከሆነ ደግሞ በአውሮፓ 1945 አጋማሽ አልፎ ወደ 1946 ይሄዳል። በዚያ ዓመት ሞቶ ጉዚ ያወጣው ሱፐርአልቼ የሚባለውን ነው። ሱፐርአልቼ ከጦርነቱ በኋላ ለጣሊያን ሠራዊትና ፖሊስ የተሠራ፣ እስከ 1957 የቀጠለ ሞዴል ነው። ስለዚህ አንዲት “1938” የምትባል ቁጥር እንደ አቆጣጠሩ ሁለት የተለያዩ ሞተሮችን ትጠራለች፤ አንዱ ጎንደር በጣሊያን እጅ ሳለች የተሠራ ነው፣ ሌላው ደግሞ ጎንደር ነፃ ከወጣች ዓመታት በኋላ። በመካከላቸው ያለው የዋጋ ልዩነት የዋዛ አይደለም። በዚህ ላይ ሊብሬው ላይ የሰፈረው ዓመት ሞተሩ የተሠራበት ይሁን የተመዘገበበት የሚያጣራ ሲታጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል።

ለመሆኑ ብረቱን ማንበብ ይቻላል? ይቻላል። የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ ካሊፐርና ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ሲሊንደሩ ነው፤ ቆሟል ወይስ ተኝቷል? ሞቶ ጉዚ በካርሎ ጉዚና በጆርጆ ፓሮዲ እ.ኤ.አ. በ1921 ማንዴሎ ዴል ላርዮ ላይ ከተመሠረተ ጀምሮ ለብዙ አሠርት ዓመታት የታወቀው አንድ ሲሊንደሩን ወደ ፊት በማስተኛት ነው። ነፋስ በቀጥታ ያገኘዋል፤ የሞተሩም ክብደት ወደ መሬት ይቀርባል። ከሞተሩ ጎን ውጪ የሚሽከረከር ትልቅ ክብ ብረትም አለው፤ ጣሊያኖቹና እንግሊዞቹ በሥጋ መቁረጫ መሣሪያ ይመስሉታል። በመቶ ሜትር ርቀት ሳይቀር የሚለይ ነው። የቆመ ሲሊንደር ያለው አሮጌ ሞተር ቀርቦ “ጉዚ ነው” ከተባለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ጂሌራና ቢያንኪም ለጣሊያን ጦር 500 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አቅርበዋል፤ የነርሱ ሲሊንደር ግን ቆሞ ነው። ስለዚህ “ጣሊያን ነው” የሚለው እውነት ሆኖ “ጉዚ ነው” የሚለው ውሸት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ተኝቶ ከተገኘስ? ያኔ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ሞቶ ጉዚ ለጦር ሠራዊት የሠራቸው የዚያ ዘመን ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ከ1932 እስከ 1939 የተሠራው ጂ.ቲ. 17፣ የ1938ቱ ጂ.ቲ. 20፣ ከ1939 ጀምሮ የወጣው አልቼ። ጂ.ቲ. 17 ካምቢዮው ሦስት ማርሽ ነው። ጂ.ቲ. 20ና አልቼ አራት ናቸው። ማርሽ ለመቁጠር ደግሞ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ የኋላ ጎማውን አንስቶ እያሽከረከሩ ማርሹን አንድ በአንድ ማስገባት ነው። ሱፐርአልቼን ከነዚህ ሁሉ የሚለየው ቫልቩ ነው። በቀድሞዎቹ አንዱ ቫልቭ ከጎን፣ አንዱ ከላይ ነው የተቀመጠው። በሱፐርአልቼ ሁለቱም ከላይ፣ ቴስታታው ውስጥ ናቸው። ቴስታታው ላይ ሁለት ቫልቭ የሚገፉ ሁለት በትሮች ያሉት የጉዚ የጦር ሠራዊት ሞዴል በአያት በቅድመ አያት ቢማልበት በፋሺስት ጊዜ ጎንደር አልነበረም።

አልቼ ነው የሚል ሻጭ ሲመጣም ገዢ ጥቂት ቆም ማለት ይገባዋል። አልቼ መሠራት የጀመረው በ1939 ነው። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ስታውጅ የስዊዝ መተላለፊያ ተዘጋባት፤ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦሯም ከእናት አገሩ ተቆረጠ። ስለዚህ አንድ አልቼ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ምፅዋ ወርዶ፣ አስመራን አልፎ ጎንደር ለመድረስ የነበረው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። አይሆንም ማለት አይደለም። ነገር ግን ጂ.ቲ. 17 ሰባት ዓመት ሙሉ ተሠርቷል፤ መንገዱም አብዛኛውን ያን ጊዜ ክፍት ነበር። የገበያ ሰው የሚገምተው ከሁለቱ ወደሚቀርበው ነው፤ ሌላውን የሚያሳምነው ቁጥሩ ሲታይ ብቻ መሆን አለበት።

ጎንደርን ነፃ ለማውጣት ከአርበኞች ጋር የዘመተውም ጦር በባዶ እጁ አልመጣም። የእንግሊዝ ሠራዊት በዚያ ጦርነት በብዛት የያዛቸው ሞተር ብስክሌቶች ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20ና ኖርተን 16ኤች ናቸው። ከቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ብቻ ለጦሩ ወደ 126,000 ተሠርቷል። ሁለቱም ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው፤ ሲሊንደራቸውም ቆሞ ነው፤ ቫልቮቻቸውም ከጎን ናቸው። የቢ.ኤስ.ኤ. ምልክት እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ናቸው። ፋብሪካው የተነሣው ከጠመንጃ ሥራ ነውና ስሙም ያንኑ ይናገራል። በዚያ አገር ጠመንጃ የማያውቅ ሽማግሌ ስለማይገኝ ምልክቱን አይቶ “ይህ እንኳ የጦር ነው” ቢል አይፈረድበትም፤ የየትኛው ጦር እንደሆነ ግን መለየት ይኖርበታል። “የጣሊያን” ተብሎ ለብዙ ዓመት የቆየ ሞተር የእንግሊዝ ሆኖ ቢገኝ ምንም ነውር የለበትም።

እዚህ ላይ ካሊፐሩ ይመጣል። ጉዚውም፣ ቢ.ኤስ.ኤውም፣ ኖርተኑም በሰው አፍ “አምስት መቶ” ናቸው፤ ሊብሬ ላይም 500 ተብሎ ቢጻፍ የሚገርም አይደለም። ልኬታቸው ግን ይለያያል። የጉዚው ሲሊንደር ስፋቱ 88 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 82 ሚሊ ሜትር ነው። የቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ስፋት 82፣ ምቱ 94 ነው። ኖርተን 16ኤች 79 በ100 ነው። ሲባዛ የመጀመሪያው 498፣ ሁለተኛው 496፣ ሦስተኛው 490 ሲሲ ይመጣል። በሲሲ የሚለያዩት በጥቂቱ ነው፤ በምት ግን ከ82 እስከ 100 ርቀት አለ። ስፋቱ በየጊዜው ሲሊንደሩ በተሞረደ ቁጥር ስለሚጨምር ሊያሳስት ይችላል። ምቱ ግን ክራንኩ ካልተለወጠ በቀር ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። ስለዚህ የሚለካው ምቱ ነው፤ የሚለካውም ቴስታታው ወርዶ ፒስተኑ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ሲሄድ ነው። በካንዴላ ቀዳዳ እንጨት አስገብቶ መለካት የለመደ መካኒክ አለ፤ ቀዳዳው ያዘነበለ ከሆነ ግን የሚያገኘው ቁጥር ውሸት ነው።

ይህ ልኬት የሙዚየም ሰው ጨዋታ የሚመስለው ነጋዴ ካለ አንድ ጊዜ ፒስተን ከውጭ ያዝዝ። ለጉዚ የታዘዘ ባለ 88 ፒስተን ባለ 82 ሲሊንደር ውስጥ አይገባም። የውጭ ምንዛሪው ወጥቷል፣ ማጓጓዣው ተከፍሏል፣ ቀረጡ ተከፍሏል፤ ሞተሩ ግን ከዶሮ ቆጡ አጠገብ ቆሟል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ትልቅ ሆኖ የተጻፈውን ስም የሞተሩ ስም አድርጎ መውሰድ ነው። ማኜቶው ላይ “ማሬሊ” ተብሎ ይነበባል፤ ካርቡራቶሩ ላይ “ዴሎርቶ”፤ ጎማው ላይ “ፒሬሊ”። ሦስቱም የታወቁ የጣሊያን ስሞች ናቸው፤ ሦስቱም ግን የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ አይደሉም። ዕቃቸውን ለብዙ ፋብሪካዎች ይሸጡ ነበር። በፒሬሊ ስም የሚሸጥ ሞተር ብስክሌት ካለ በጎማው ስም የተሸጠ ነው። በዚህ ላይ በሰማንያ ዓመት ውስጥ ስንት ዕቃ ተለውጧል! የሀገራችን መካኒክ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ እያለ የሚጠራቸው ቃላት ከጣሊያን እንደመጡ ሁሉ፣ የሚገጥማቸው ዕቃዎች ግን ከየትም ይመጣሉ። የሌላ ሞተር ካርቡራቶር ስለተገጠመለት የሚወቀስ መካኒክ የለም፤ ሞተሩ እንዲነሣ ያደረገው እርሱ ነውና። የሚወቀሰው ያንን ካርቡራቶር አይቶ ሞዴል የሚያወጣው ነው።

የቀረው ቁጥሩ ነው። ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ለሊብሬ ሁለት ቁጥር ይጠየቃል፤ የሻንሲና የሞተር። ለዛሬ ተሽከርካሪ ይህ ትክክል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002ም የወጣው ተሽከርካሪ እንዲለይ፣ እንዲመረመርና እንዲመዘገብ ነው። ጥንታዊ ሞተር ብስክሌት ግን ሁልጊዜ ለዚህ ፎርም አይመችም። አሜሪካዊው ሃርሊ ዴቪድሰን ለምሳሌ እስከ 1970 ሞዴል ድረስ መለያ ቁጥሩን የሚመታው ሞተሩ ላይ ብቻ ነበር፤ ሻንሲው መለያ ቁጥር አልነበረውም። በጦርነቱ ጊዜ የወጣው ደብሊዩ.ኤል.ኤ. የተባለው ሞዴል ደግሞ በ1943ም ይሠራ በ1945 የሞተር ቁጥሩ በ“42” ይጀምራል። እንዲህ ያለ ሞተር ለምዝገባ ቢቀርብ “የሻንሲ ቁጥር የለውም” ይባላል። ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ብረት የሚመታ ሰው ፈልጎ ቁጥር ያስመታል። በዚያች ደቂቃ ጤነኛ የነበረ ሞተር ሐሰተኛ ሆነ። ሻንሲው ላይ ቁጥር አለመኖሩ የትክክለኛነቱ ማስረጃ ነበር፤ ቁጥር መኖሩ ዛሬ የማጭበርበር ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። አሮጌው ቁጥር በመፋቂያ ይጠፋል፤ ተፈላጊው ሞዴል ቁጥር ይመታል። ይህ በዓይን ይታወቃል። ፋብሪካ ቁጥር የሚመታበት ሥፍራ ከቀልጦ የተሠራ ብረት ከሆነ ሻካራ ገጽ አለው፤ ሲፋቅ ልሙጥ ሆኖ ከአካባቢው ዝቅ ይላል። የፋብሪካ ፊደሎች ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የገጠር አንጥረኛ መዶሻ ደግሞ አንዱን ጥልቅ፣ ሌላውን ስስ፣ ሦስተኛውን ጠማማ ያደርጋል። የተፋቀ ቁጥር እንኳ ከሥሩ ያለው ብረት ስለተጨመቀ በአሲድ ሲታጠብ ጥላው ሊታይ ይችላል፤ በየአገሩ የወንጀል ምርመራ የሚጠቀምበት መንገድ ነው። የቅርብ ዘመድ ማታለል ይቻል ይሆናል። ጨረታ ቤት የሚያውቅ የውጭ ገዢን ማታለል ግን ከባድ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጠነቀቁ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የእንግሊዙ ቪንሰንት ፋብሪካ ራፒድ የተባለ 998 ሲሲ ሞተር ነበረው። ያንኑ አጠንክሮ፣ ሞተሩን በጥቁር ቀለም ቀብቶ ብላክ ሻዶው አለው። ለውድድር የሚሆነውን ደግሞ ብላክ ላይትኒንግ ብሎ ሠላሳ የሚያህል ብቻ ሠራ። ሩቅ ለቆመ ሰው ሦስቱም ወንድማማች ናቸው። የሞተር ቁጥራቸው መነሻ ላይ ግን አንዲት ፊደል አለች፤ የራፒድ “1” ብቻ፣ የሻዶው “1ቢ”፣ የላይትኒንግ “1ሲ”። በጥር 2010 ዓ.ም. አንድ ብላክ ላይትኒንግ ላስ ቬጋስ ውስጥ በቦናምስ ጨረታ 929,000 ዶላር ተሸጧል። ራፒድ በዚያ ዋጋ አጠገብ አይደርስም። ጥቁር ቀለም ስንት ነው? ፊደል መምቻስ ስንት ነው? ስለዚህም የቪንሰንት ባለቤቶች ማኅበር የፋብሪካውን መዛግብት ይዞ፣ ይህ ሞተር ከዚህ ሻንሲ ጋር ወጥቷል፣ ይህ አልወጣም እያለ ይመሰክራል። የገበያው እምነት የቆመው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።

ሌላ አንድ ወጥመድ ባለ ጎን ጋሪ ሞተር ለሚገዙ። ቢ.ኤም.ደብሊዩ ከ1938 እስከ 1941 አር 71 የሚባል ሁለት ሲሊንደሩ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሞተር ሠርቷል። ሶቪየት ኅብረት ይህንኑ ቀድታ ኤም 72 ብላ ማምረት ጀመረች፤ ቻይናም በተራዋ ከሶቪየት ወስዳ ቻንግ ጂያንግ 750ን ሠራች። በዓለም ገበያ ላይ የቢ.ኤም.ደብሊዩ ምልክት ተለጥፎባቸው የሚዞሩ የሶቪየትና የቻይና ሞተሮች ብዙ ናቸው። እነዚህን ካሊፐር አይለያቸውም፤ ሁሉም 78 በ78 ናቸው። የሚለያቸው ከብረቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ፊደልና የቁጥር አመታታቸው ነው። የሩሲያ ፊደል ያለበት ሞተር ላይ የጀርመን ምልክት ከታየ ምልክቱን ማን እንደለጠፈው መጠየቅ ነው። ሶቪየቱ በራሱ ስም ቢሸጥ ጥሩ ሞተር ነው፤ ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫውም ከጀርመኑ ይልቅ ይገኛል።

ደላሎች ለዚህ ሁሉ የሚያቀርቡት መከላከያ የታወቀ ነው። “ገዢው ሆቴል በር ላይ ሊያቆመው ነው፤ ሞዴሉ ምን ያደርግለታል?” ይላሉ። እውነት ነው፤ የፋሲልን ግንብ ሊያይ የመጣ ቱሪስት የካምቢዮውን ማርሽ አይቆጥርም። ከሆነ ግን በጌጥ ዋጋ ይሸጥ። በጌጥ ጥንቃቄ ተገዝቶ በቅርስ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ላይ ነው ጥያቄው። ሁለተኛው መከላከያ “ከተጣራ ዋጋው ይወርዳል” የሚለው ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የአንዳንዱ ይወርዳል። ነገር ግን ያልተነካ ቁጥር ያለው፣ ከ1934ቱ ዘመቻ ጋር ሊያያዝ የሚችል ሐቀኛ ቢ.ኤስ.ኤ. ቁጥሩ ከተፋቀ “ጉዚ” ይልቅ ገዢ አያጣም። ባለቤቲቱ እማማም ቢሆኑ ጂ.ቲ. 20 ይሁን ሌላ ሳያውቁ በቁራሌው ሚዛን፣ በኪሎ እንዳይሸጡት የሚያደርጋቸው ይኸው ማጣራት ነው። ሐሰተኛ ሞዴል ገዢን ብቻ የሚጎዳ የሚመስለው ሰው ይህን ሁለተኛውን ጉዳት ይረሳል። ከደጋው የሚወጣው አሮጌ ብረት ዘወትር በባለቤቱ አለማወቅ ነው የሚረክሰው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል በመሠረታዊ ስህተት ወይም በማታለል የተደረገ እንደሆነ ሊፈርስ እንደሚችል ከቁጥር 1697 ጀምሮ ይደነግጋል፤ ማታለልን በቁጥር 1704 ያነሣዋል። የሚያስፈርስ ምክንያት ያለው ሰው ግን ምክንያቱ ከቀረ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ውሉ ላይ የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው። “አንድ የጣሊያን ሞተር ብስክሌት፣ ቀለሙ ጥቁር” ተብሎ የተጻፈ ውል ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም ገዢ ምን ብሎ ይከራከራል? ሞተሩ ጥቁር ነው። ጣሊያንም ነው ይባል ይሆናል። ስለዚህ ውሉ ላይ ፋብሪካው፣ ሞዴሉ፣ የሞተርና የሻንሲው ቁጥር እንደተመታው ከነነጠላ ፊደሉ፣ የማርሹ ብዛት፣ የምቱ ልኬት፣ ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ። ሻጩ የማያውቀው ከሆነ “ሞዴሉ አልተለየም” ብሎ ይጻፍ፤ ይህ ሐረግ ለሻጭም ከለላ ነው። መዝጋቢውም ቢሆን የሻንሲ ቁጥር የሌለው አሮጌ ሞተር ሲቀርብለት “ከፋብሪካው አልተመታም” ብሎ የሚጽፍበት መስመር ቢኖረው ስንት ሻንሲ ከመዶሻ ይተርፍ ነበር! የደላላው ኮሚሽንም ሁለት ጊዜ ይከፈል፤ ግማሹ በርክክብ ቀን፣ ግማሹ ቁጥሩ በፋብሪካ መዝገብ ወይም በባለቤቶች ማኅበር ከተጣራ በኋላ። ይህ ሲሆን ደላላው ራሱ ካሊፐር ይገዛል።

የውጭ ገዢ በሚመጣበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ቅርስ ከአገር ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ አለ። አንድ ሞተር ብስክሌት ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ደላላው አይደለም። ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሳይጠየቅ ተፈትቶ በሣጥን የሚጫን ሞተር፣ ሞዴሉ በትክክል ከታወቀ ወዲህ ይበልጥ ያስጠይቃል እንጂ አያቃልልም።

ወደ ማራኪው ጓሮ እንመለስ። እዚያ የቆመው ሞተር ገና ምንም አልሆነም፤ ደላላው ግን “ለገዢ እንዲያምር” ቀለም ሊያስቀባው ያስባል። ከላይ ያለው ቀለም ሲላጥ ሥሩ ግራጫ አረንጓዴ ከሆነ የጣሊያን ሠራዊት ቀለም ነው። የኋላ ታርጋው ሥፍራ ላይ “አር.ኢ.” የሚሉ ቀይ የላቲን ፊደሎች ቅሪት ከታየ የንጉሣዊው ጦር ምልክት ነው። አዲስ ቀለም ሁለቱንም ይቀብራል፤ አሸዋ ንፊያ ደግሞ ጨርሶ ይጠርጋል። ዛሬ የሚያስፈልገው እርጥብ ጨርቅ፣ ፎቶግራፍና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ ይነሣ። ቁጥሮቹ በጠመኔ ተቀብተው ከቅርብ ይነሡ። ሲሊንደሩ ቆሟል ወይስ ተኝቷል የሚለው ይጻፍ። ከዚያ ማርሹ ይቆጠር፤ ሦስት ከሆነ እማማ ለደላላው የሚሉት አላቸው፤ አራት ከሆነም የሚሉት አላቸው።